ትንፍሽ አላለችም

ደብረ ብርሃን ጩኸት ያቆመችበትን ዓመት በትክክል የሚያስታውስ ሰው የለም። በአዋጅ የቆመ ነገር አልነበረም፤ ቀስ በቀስ ነው የቀረው። መጀመሪያ የታክሲ ረዳቶች ሰፈር እየጠሩ መጮህ ትተው ባለ ቀለም ሰሌዳ ማሳየት ጀመሩ። ቀጥሎ ገበያው ውስጥ ዋጋ በጣት መነጋገር መጣ። ሠርግ ላይ እልልታው ቀርቶ ሁለት እጅን ወደ ላይ አንስቶ ጣትን ማርገብገብ ሆነ። ለቅሶ ቤት የገባ ሰውም ደረቱን መምታት ትቶ ከሐዘንተኛው ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጥና አብሮት ረዘም አድርጎ ተንፍሶ ይወጣል። ሁሉም ሰው እጁ ላይ የልቡን ሁኔታ በቀለም የሚያሳይ አምባር አለው። አምባሩ አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ትከሻውን ይነካዋል፤ ቀይ ከሆነ መንገድ ይለቁለታል።

ይህን ሁሉ ወደ ቤት ያስገቡት ልጆቹ ናቸው ይባላል። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አባትና እናታቸውን እያረሙ። ልጆቹን ያስተማሩት ደግሞ እንደ ትርሲት ያሉ መምህራን ናቸው።

ትርሲት አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጠን ያለች፣ ሥራ ቦታ በካልሲ ብቻ የምትሄድ ሴት ናት። ድሮ ብርድ ልብስ ይሠራበት በነበረ አዳራሽ ውስጥ ለትንንሾቹ ክፍሎች ዮጋና ጽሞና ታስተምራለች። ሥራዋን ትወደዋለች፤ ለመውደድም ምክንያት አላት። እሷ ተማሪ በነበረችበት ጊዜ መምህር ልጅን ዝም የሚያሰኘው በኩርኩም ነበር። ለፍላፊ ስለነበረች ከማንም በላይ ቀምሳዋለች። የእሷ ተማሪዎች ግን ኩርኩም የሚለውን ቃል ራሱ አያውቁትም። ይህን ማንም አይነጥቀኝም ብላ ታስብ ነበር።

ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው ምንጣፋቸውን ይዘረጋሉ። «ዋርካ» ስትላቸው በአንድ እግር ይቆማሉ። «ድመት» ስትላቸው በእጅና በጉልበታቸው ቆመው ጀርባቸውን ያጎብጣሉ። «ኤሊ» ስትላቸው ተጣጥፈው ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ። የከተማውን ጩኸት ያጠፋው ሥርዓት የከተማውን ብርድ አላጠፋውምና፣ ጠዋት ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የእያንዳንዱ ልጅ ትንፋሽ በዓይን ይታያል። «ተንፍሱ» ስትል ከሁሉም አፍ እኩል ጉም ይወጣል፣ እኩል ይጠፋል። ትርሲት ይህን ስታይ የሆነ ነገር ሠርቻለሁ ትላለች።

ግድግዳው ላይ በትልቁ «ትንፋሽ ይቀድማል» ተብሎ ተጽፏል። የሚናገረው ያለው ልጅ አምባሩ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ መጀመሪያ ይተነፍሳል። አረንጓዴ ከሆነ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገር ነገር አይተርፍም፤ ይህም እንደ ጥሩ ውጤት ይያዛል። ሌላም አለ። በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ትርሲት ልጆቹን ክብ አስቀምጣ «ምንም ነገር ቢገጥማችሁ፣ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ኑ» ትላቸዋለች። ስትላቸው ከልቧ ነው።

ነገሩ የሆነው በታኅሣሥ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት ሰሞን ነው። የዚያን ቀን ይህን ሥርዓት ከሚመራው ከእርጋታ ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አቶ ምናሴ ከዋዜማው ጀምሮ ግቢውን ሲያስጠርጉ ቆይተዋል። እንግዶቹ ክፍሉን ከወደዱት የትርሲት አሠራር በየከተማው ሊወሰድ ነው፤ እሷም ሌሎች መምህራንን የምታሠለጥን ትሆናለች። ደስታዋን ለማንም አላወራችውም። ሌሊቱን ግን በቅጡ አልተኛችም፤ ጠዋትም ከሁሉም ቀድማ ደርሳ ምንጣፎቹን በክር ለክታ አስተካከለች።

ኖላዊት አርፍዳ መጣች። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ወልቆ ገና አልበቀለም። ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የገባችው። ፀጉሯ አልተያዘም፣ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳዋለች። አምባሯ ቀይ ነበር። ትርሲት በልጅ እጅ ላይ እንደዚያ ያለ ቀይ አይታ አታውቅም። ልጅቷ ምንጣፎቹን እየረገጠች ቀጥታ ወደ እሷ መጥታ ቀሚሷን ያዘች።

«ቲቸር፣ አባባ አልነሳም አለኝ» አለች።

አማርኛ ነውና ይህ አነጋገር ወደ ሁለት ነገር ይሄዳል። አባትየው በአፉ «አልነሳም» ብሏት ሊሆን ይችላል፤ የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚሠራ፣ ጠዋት ላይ ከአልጋ መውጣት የሚከብደው ሰው ነው። ወይም ደግሞ ብትጠራው ብትጎትተው አልነሳ ብሏት ሊሆን ይችላል። የተበላሸ መኪናም አልነሳም ይላል። ትርሲት የሰማችው የመጀመሪያውን ነው። አባትና ልጅ ተኮራርፈዋል አለች በልቧ፤ ዛሬውኑ ባይሆን ምን ነበረበት አለች። ቀዩን አምባር እያየች ነው ይህን ያለችው።

ተንበርክካ የልጅቷን ትከሻ ያዘች። «ተንፍሺው፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት። «ተንፍሺውና ልቀቂው።»

ኖላዊት ተነፈሰች። የመጀመሪያው ጉም እየተቆራረጠ ወጣ። ሁለተኛው ትንሽ ተቃና። ትርሲት ፊት ለፊቷ ሆና አብራ ተነፈሰች፤ ቀዩ ወደ ቢጫ ዞረ፤ ቢጫው እየደበዘዘ አረንጓዴ መጣ። ሲያዩት ደስ የሚል ነገር ነው። ልጅቷ አሁንም አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ የእንግዶቹ ጫማ ሲወልቅ ተሰማና ትርሲት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «አሁን ምን ይሰማሻል?» አለቻት።

«እርጋታ» አለች ኖላዊት። ትምህርቱ የሚፈልገው መልስ ይህ ነው።

እንግዶቹ በሩ ላይ ቆመው ይህን አይተው ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴትዮ ልጅቷ ምን ሆና እንደነበረ ጠየቀች። ትርሲት ፈገግ ብላ፣ ምን እንደሆነ እዚህ አንጠይቅም፣ ማለፉ ነው የሚበቃን ብላ መለሰችላት። ሴትዮዋ ይህን መልስ በጣም ወደደችው። ቀጥሎ ልጆቹ ዋርካ ሠሩ። ሌሎቹ እግራቸው እየከዳቸው ተራ በተራ ሲያወርዱ ኖላዊት ብቻዋን፣ በተገለበጠ ሹራቧ፣ ዓይኗን አንድ ቦታ ተክላ ቀረች። ትርሲት በእጇ ወደ እሷ አመልክታ ለሌሎቹ ልጆች «እንደ ኖላዊት» አለች።

የኖላዊት እናት ሐመልማል የአበባ እርሻ ሠራተኛ ናት። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። የዚያን ቀን ስትመለስ ባሏን ይርጋን በአልጋውና በበሩ መካከል ወድቆ አገኘችው። ዓይኑ ተከፍቷል፤ አፉ ግን ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ሐኪሙ ረጋ ባለ ድምፅ፣ የራሱ አምባር ከአረንጓዴ ሳይለወጥ፣ ጠዋት ቢያመጡት ኖሮ በእግሩ ይወጣ ነበር አላት። አሁን በሕይወት ይኖራል፤ ቀኝ ጎኑና ምላሱ ግን አይመለሱም። ሐመልማል ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ መተላለፊያው ላይ እንደተማረችው ለመተንፈስ ሞከረች። አልሆነላትም።

ኖላዊት ያን ጠዋት አባቷን ተሻግራ ነው የወጣችው። ጎረቤት አልጠራችም፤ እንዴት እንደሚጠራ አልተማረችም። ሰው ቡና ጠጥቶ ሥራ ሊሄድ ከየቤቱ ሲወጣ በመካከሉ አልፋ፣ ትምህርት ቤት ድረስ፣ ወደ ቲቸር ትርሲት ሮጣለች። «መጀመሪያ ወደ እኔ ኑ» ተብላለችና።

ትርሲት ወሬውን የሰማችው በማግስቱ ከአቶ ምናሴ ነው። ደህና ሰው ቢሆን ልጅቷ ነግራኝ ነበር ብሎ እዚያው ይናገር ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ የመጣላት ያ ሁለት ትርጉም ያለው አነጋገር ነበር፤ «አልነሳም አለኝ ነው ያለችኝ፣ እኔ በምን ልወቅ» የሚል። ለማንም አላለችውም። ለራሷ ብቻ ደጋገመችው፤ በደጋገመችው ቁጥር የልጅቷ እጅ ቀሚሷን እንዴት አጥብቆ ይዞ እንደነበር ትዝ ይላታል። የኮረፈ ልጅ እንደዚያ አይዝም። ያን ጠዋትም ታውቀው ነበር፤ ማወቅ ስላልፈለገች ነው የተወችው።

በሽተኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ እሷና አቶ ምናሴ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁ ሄዱ። ቤቱ ውስጥ ጎረቤቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው በዝግታ እየተነፈሱ ነበር። ይርጋ ትራስ ተደግፏል፤ ግራ ዓይኑ የሚገባውን የሚወጣውን ይከተላል። ኖላዊት እግርጌው ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ሐመልማል በጥቂት ቀን ፊቷ ከስቷል። እንግዶቹን አስቀምጣ ወደ ትርሲት ዞረች።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ልጄ ምንም አላለችም? ለእርስዎ እንኳን?» አለቻት። «አባቷን ወድቆ አይታው ነው የወጣችው። እንዴት ሰው ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ይውላል?»

አቶ ምናሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአሠልጣኝነቱ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት እንደሚመጣ እሳቸውም ትርሲትም ያውቃሉ። ጎረቤቶቹ መተንፈሳቸውን ገታ አደረጉ። ትርሲት ያን ጊዜ አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልጋት፤ «ነግራኛለች» ማለት ነበረባት።

«ትንፍሽ አላለችም» አለች።

ኖላዊት ከብርቱካኗ ቀና አለች። ተንፍሺ ተብላ እንደተነፈሰች፣ ደህና አድርጋም እንደተነፈሰች፣ በእንግዳ ፊት እንደተመሰገነች ታውቃለች። «ተንፍሻለሁ እኮ» አለች።

እናትየው የሰማችው ተናግሬአለሁ ስትል ነው። ፊቷ ተለወጠ። ጭራሽ ውሸት ጀመርሽ ወይ፣ መምህርትሽ ፊት ለፊትሽ ቁጭ ብላ አለቻት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ትርሲት አየችና «ቲቸር፣ ተንፍሻለሁ አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። እጇን ዘርግታ የላጠችውንም ብርቱካን ሰጠቻት። ትርሲት አንዱን ክፋይ ተቀብላ በላች። የይርጋ ግራ ዓይን እሷ ላይ ነበር፤ እሱም ምንም ማለት አይችልም።

ከግቢው ሲወጡ አቶ ምናሴ «ጥሩ መለሱ» አሏት፤ በዚህ ሰዓት ለቤተሰቡ ተጨማሪ ጭንቀት አያስፈልግም አሉ። ትርሲት እጅጌዋን ገለጥ አድርጋ አምባሯን አየች። አረንጓዴ ነበር። በበሽተኛ ፊት፣ በልጅ ላይ ዋሽታ፣ ቢጫ እንኳን አልሆነም። ለዓመታት የተለማመደችው ትንፋሽ ራሱ እየሠራላት ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ አፍራ አታውቅም፤ ማፈሯን ደግሞ የሚያይባት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከውጭ ሲታዩ ደህና ነበሩ። ደብዳቤው መጣ። ክፍሉ በየቀኑ አረንጓዴ ነው። ትርሲት ግን «ተንፍሱ» የሚለውን ቃል አፏ አልል ስላላት በጭብጨባ ተካችው። ልጆቹ ስታጨበጭብ እኩል ይተነፍሳሉ፤ ለውጡን ያስተዋለ ያለ አይመስልም። ኖላዊት ከፊት ረድፍ ትቀመጣለች። አታጠፋም፣ አትጠይቅም፣ እጇን አታነሳም። አንድ ቀን በኤሊ ላይ እንዳሉ ከሥሯ ምንጣፉ ረጠበ። ሽንት ቤት ልሂድ አላለችም። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ግንባሯን መሬት አስነክታ እርጥቡ ላይ ቆየች። አምባሯ ከአረንጓዴ ንቅንቅ አላለም። ትርሲት ልጆቹ ከወጡ በኋላ ምንጣፉን ራሷ ወስዳ ከቧንቧው ሥር አጠበችው፤ ውሃው ጣቶቿን እስኪያደነዝዛቸው አሸችው። ይህን በማድረጓም አፈረች፤ ምንጣፍ በማጠብ የሚነጻ ነገር የለምና።

ሌላም ነገር አስተውላለች። ልጅቷ አንዳንድ ጠዋት ስትመጣ ጉንጯ ላይ የጣት ምልክት ይኖራል። በዚህ ዘመን ልጅ የሚመታ ወላጅ የለም ይባላል። ትርሲት ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። እዚህ አንጠይቅም ያለችው እሷ ራሷ ነበረች።

መጋቢት ላይ የእርጋታ ቀን ይከበራል። አቶ ምናሴ ወላጆችንና የቢሮውን ሰዎች ጠርተው ትርሲትን አስቀድመው ቢሯቸው አስገቧት። የዓመቱ ሽልማት ለኖላዊት እንዲሰጥ ወስነዋል። አባቷ በወደቀበት ቀን እንኳ በአረንጓዴ የዋለች ልጅ ናት፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል አሉ። ትርሲት የዚያን ቀን ታሪክ ለተሰብሳቢው እንድትናገር ጠየቋት። እሺ አለች። ምን እንደምትናገር ያወቀችው ግን በሩን ዘግታ ከወጣች በኋላ ነው።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ሐመልማል ከኋላ ተቀምጣለች፤ ልጇ ሽልማት እንደምትቀበል ስለነገሯት እንጂ ደስ ብሏት አልመጣችም። ኖላዊት መድረኩ ላይ ወጥታ ከብር የተሠራች ትንሽ ቅጠል ተሰጠቻት፤ ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጣቱን አርገበገበላት። ትርሲት ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች። በበዓሉ ጠዋት ሆን ብላ የትንፋሽ ልምምዷን አልሠራችም ነበር።

«ያን ቀን ኖላዊት ነግራኛለች» አለች። «‹አባባ አልነሳም አለኝ› ነው ያለችኝ። እንግዳ ሊገባ ስለነበር ዝም አሰኘኋት። እናቷ ስትጠይቀኝ ደግሞ ዋሸሁ። ሽልማት ያሰጣት ዝምታ የኔ ጥፋት ነው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው ከሌላው ጊዜ የተለየ አልነበረም። አቶ ምናሴ ሳይቸኩሉ ተነስተው ማይክሮፎኑን ከእጇ ወሰዱ፤ ትከሻዋንም ነካ አደረጉ። መምህርታችን የተሸከሙትን በፊታችን አወረዱ አሉ፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ብርቅ ነው፣ አብረናቸው እንተንፍስ አሉ። አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ ሳበ፣ አንድ ላይ ለቀቀ። ከዚያ እጆች ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው ጣቶች ተርገበገቡ። ከእርጋታ ቢሮ የመጣችው ባለ መነጽር ሴትዮ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ትርሲት መድረኩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ያ ሁሉ ሳምንት የያዘችው ሐፍረት የሷ ብቻ ነበር፤ አሁን እሱንም ነጥቀዋት ለሁሉም የሚጠቅም ልምምድ አደረጉት። በዝግጅቱ መሠረት ቀጥሎ ዋርካ ነበርና ልጆቹ ወደ መድረኩ መውጣት ጀመሩ።

ትርሲት ጫማዋን ሳታደርግ በጓሮ በር ወደ ግቢው ወጣች። ሐመልማል ልጇን በእጇ ይዛ ከኋላዋ ደረሰች።

«እውነት ነው?» አለቻት።

«እውነት ነው።»

«ነግራሻለች?» አለች ሐመልማል። አንቱታው እዚያው ቀረ።

«ነግራኛለች።»

«እኔ እኮ መታኋት» አለች ሐመልማል። «ዋሸሽ እያልኩ። ባየኋት ቁጥር፣ አባቷን ባገላበጥኩት ቁጥር መታኋት።»

የሐመልማል አምባር ቀይ ነው። ከአዳራሹ እየወጡ የነበሩ ወላጆች አይተው መንገድ ለቀቁላት። ትርሲት ከልማድ ብዛት ተንፍሺ ልትላት አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ምላሷን ነክሳ መለሰችው። ይቅርታ የሚለው ቃልም መጣላት። ከሱ ጋር ሴትዮዋ ይቅር ትበለኝ የሚል ተስፋ ተከትሎ ሲመጣ አየችውና ያንንም ተወችው።

«እኔን ተይኝ» አለች ሐመልማል። «ለሷ ንገሪያት።»

ትርሲት እንደዚያን ቀን ጠዋት ተንበረከከች። ኖላዊት የብሯን ቅጠል በሁለት እጇ ይዛለች። ጥርሷ በቅሏል። «ነግረሽኝ ነበር» አለቻት ትርሲት። «ልሰማሽ አልፈለግሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

«ተንፍሺ አሉኝ፣ ተነፈስኩ» አለች ልጅቷ።

«አዎ። ልክ ያልሆነ ነገር ነው ያስተማርኩሽ። ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር ሲገጥምሽ አትተንፍሺ። ኡኡ በይ።»

«ኡኡ ምንድን ነው?»

ትርሲት ለዚህ አልተዘጋጀችም። በልጅነቷ አንዲት ሴት ከአንድ ቤት ኡኡ ስትል ሰፈሩ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣ ነበር። ሊጥ በእጁ ላይ እንዳለ፣ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ሳሙናው እንዳለ፣ ያገኘውን ዱላ አንስቶ። ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጥያቄው ከደረሱ በኋላ ነው። መሮጥ ይቀድም ነበር። ይህን ሁሉ ለልጅ በቃል ማስረዳት ስላልቻለች አፏን ከፍታ ጮኸች።

የመጀመሪያው እንደ ሳል ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ የማያምር ድምፅ ነበር፤ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተመቶ ተመለሰ። አምባሯ ከተሰጣት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላ። በግቢው ውስጥ ያሉት ወላጆች ባሉበት ቆሙ። ከዚያ አንድ በአንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው፣ በርኅራኄ ይተነፍሱላት ጀመር። አቶ ምናሴም በሩ ላይ ወጥተው ይተነፍሳሉ።

«ኡኡ ሲባል ምን ይሆናል?» አለች ኖላዊት።

«የሰማ ሁሉ ይሮጣል።»

ኖላዊት ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች። «ማንም አልሮጠም» አለች።

«እኔ እሮጣለሁ» አለች ትርሲት። «እዚህ ቁሚ።»

ወደ ግቢው በር ሄደች፤ ጠጠሩ በካልሲዋ በኩል እግሯን ይወጋታል። ከበሩ ዘንድ ዞራ ቆመች። ወዲያ ማዶ እናትና ልጅ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ። ኖላዊት አንድ ነገር አለች፤ ከማዶ የሚሰማ ነገር አልነበረም፣ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የታየው። ትርሲት ሮጠች። ሩጫ ካቆመች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጠመጠመ፣ መሀል ላይ በጉልበቷ ወደቀች፣ ተነስታ ሮጠች። ልጅቷ ዘንድ ስትደርስ ካልሲዋ ተቀድዶ ጉልበቷ ይደማል፣ ትንፋሿም እንደፈለገ ይወጣል ይገባል። ልትገራው አልሞከረችም።

ኖላዊት ጉልበቷን አየች፣ ከዚያ ፊቷን አየች።

«ያን ቀን ኡኡ ብል ኖሮ እርስዎ ይሮጡ ነበር?»

ትርሲት አዎ ልትል ነበር። አዎ ብትላት ልጅቷ ታምናታለች፤ ከዚህ በፊትም አምናታለች። ከዚያ የተለኩትን ምንጣፎች፣ በሩ ላይ የሚወልቀውን ጫማ አስታወሰች።

«አልሮጥም ነበር» አለች። «እንግዳ ነበረብኝ። አሁን ግን እሮጣለሁ።»

ሐመልማል ፊቷን አዞረች። ኖላዊት ግን አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነው የያዘችው። የብሯን ቅጠል ለእናቷ ሰጠቻትና በጣቷ ወደ ግቢው በር አመለከተች።

«እንግዲያው ይመለሱ» አለቻት።

ትርሲት ተመለሰች። እያነከሰች፣ በሚተነፍሱላት ሰዎች መካከል አልፋ፣ እስከ በሩ ድረስ ሄዳ ዞረች። ከማዶ ኖላዊት እግሯን ከፈት አድርጋ ቆማለች፤ ዋርካም፣ ድመትም፣ ኤሊም አይደለም፣ ማንም ያላስተማራት አቋቋም ነው። ሁለት እጇን ወደ አፏ ዳር አደረገች፤ ደረቷ ሲሞላ ከሩቅ ታየ። ትርሲት ድምፁ እስኪደርሳት አልጠበቀችም።